ፕሮክስሞክስ፦ ሦስት ቪኤሞች «አይኦ ኤረር» ብለው ቆሙ፤ ስቶሬጁ ሞልቷል ይላል፣ ውስጣቸው ግን ግማሹ ባዶ ነው

ሰርቨር_ሩም

ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው።

ፕሮክስሞክስ 8 (በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ምናባዊ ማሽኖችን፣ ማለትም ቪኤሞችን፣ የሚያሠራው ሥርዓት)፣ አንድ ሰርቨር ብቻ፣ ክላስተር የለም። ዲስኩ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ነው፤ ሲጫን በራሱ የከፋፈለው እንዳለ ነው። ቪኤሞቹ በሙሉ «ሎካል-ኤልቪኤም» ላይ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ሦስቱም ላይ ቢጫ ምልክት ወጥቶ «አይኦ ኤረር» ይላል። ስቶሬጁ 794 ጊጋ ሲሆን መቶ በመቶ ተይዟል ይላል።

101 ዊንዶውስ ሰርቨር ነው፣ ፒችትሪ ያለበት፤ የተሰጠው 300 ጊጋ፣ ውስጡ የተያዘው 140።
102 ኡቡንቱ ከፖስትግሬስ ጋር፤ የተሰጠው 400፣ የተያዘው 95።
103 የፋይል ሰርቨር፣ እሱም ኡቡንቱ፤ የተሰጠው 500፣ የተያዘው 210።

የተያዘው ቢደመር 445 ጊጋ ነው። ታዲያ 794ቱ በምን ሞላ? የሂሳብ ክፍል እየጠበቀ ነው። ሪሴት ላድርጋቸው?

ኖድ_ጠባቂ

ሪሴት እንዳትነካ፤ ስቶፕም እንዳትል።

ቪኤሞቹ የቆሙት ተበላሽተው አይደለም። ኬቪኤም (ቪኤሙን የሚያሠራው የሰርቨሩ ክፍል) ዲስክ ላይ ሊጽፍ ሲል «ቦታ የለም» የሚል መልስ ሲመጣለት ማሽኑን ባለበት ያቆመዋል፤ ያልተጻፈውም በእጁ ይቆያል። ቦታ ከተገኘ በኋላ ሪዝዩም ስትለው ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ይሞክርና ካቆመበት ይቀጥላል። ሪሴት ካደረግከው ግን ራም ላይ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ከዚያ ዊንዶውሱ ሲነሳ ቼክዲስክ ሊጀምር ይችላል፤ መጻፍ በማይቻልበት ስቶሬጅ ላይ የፋይል ሲስተም ጥገና ማስጀመር ደግሞ ፒችትሪውን ይዞብህ ሊሄድ የሚችል ነገር ነው።

ሼል ክፈትና «ኤልቪኤስ -ኤ» እና «ቪጂኤስ» ብለህ የሚያወጡትን ለጥፍልን። ከመጀመሪያው የምፈልገው «ዳታ» እና «ሜታ» የሚሉትን ሁለት የመቶኛ ዓምዶች ነው፤ ከሁለተኛው «ቪፍሪ»ን (ገና ያልተመደበውን ቦታ)። ስናፕሾት (ቪኤሙ በአንድ ቅጽበት የነበረበት ሁኔታ የተያዘበት) ካለም «ኪውኤም ሊስትስናፕሾት 101» እያልክ ለእያንዳንዱ እይ።

በምን ሞላ ላልከው፦ ቲን ፑል (የአንተ «ሎካል-ኤልቪኤም»፤ ቦታ የሚሰጠው ሲጻፍበት ብቻ የሆነ የጋራ ማከማቻ) የሚቆጥረው ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ እንኳ የተጻፈበትን ብሎክ ሁሉ ነው። ቪኤሙ ውስጥ 50 ጊጋ ፋይል ጻፍክ፣ አጠፋህ፣ ሌላ 50 ጊጋ ጻፍክ እንበል። ቪኤሙ የያዝኩት 50 ነው ይላል፤ ሁለተኛው ፋይል ሌላ ቦታ ላይ ካረፈ ፑሉ ግን 100 ይላል። ፋይሉ መጥፋቱን ወደ ታች የሚናገረው ትሪም ብቻ ነው፤ የዲስኩ «ዲስካርድ» ምልክት ካልተደረገበት ትሪሙ ሆስቱ (ሰርቨሩ ራሱ) ጋ አይደርስም። ነባሪው ደግሞ ያልተደረገበት ነው። በዚያ ላይ የተሰጠው ሲደመር 1200 ጊጋ ነው፣ ያለህ 794። ይህ ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ግን የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል።

ሰርቨር_ሩም

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አልነካሁም።

ዳታ 100.00፣ ሜታ 4.31። ቪፍሪ ከ16 ጊጋ ትንሽ ያነሰ። ስናፕሾት 101 ላይ ሁለት አለ፤ አንደኛው ከዊንዶውስ አፕዴት በፊት የተነሳ፣ ከነራሙ፣ የቪኤሙ ራም 16 ጊጋ ነው። 103 ላይ አንድ አሮጌ አለ። 102 ላይ የለም።

ኖድ_ጠባቂ

ሜታው 4 ከሆነ ጥሩ ነው፤ የሞላብህ ዳታው ብቻ ነው። ቪፍሪውም ተርፏል። ፕሮክስሞክስ ሲጫን እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ወደ 16 ጊጋ የሚጠጋ ሳይመድብ ይተዋል፤ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦

አንደኛ፣ ለፑሉ መተንፈሻ ስጠው፦ «ኤልቪኤክስቴንድ -ኤል +10ጂ ፒቪኢ/ዳታ»። ኤሏ ትልቋ (ካፒታል) ናት፤ «ፒቪኢ/ዳታ» የፑሉ ስም ነው። 16ቱንም አትጨርስ፤ ምናልባት የሜታዳታ ጥገና ቢያስፈልግ ቦታ የሚወስደው ከዚያው ነው። ቪኤሞቹን ገና አታስነሳ፤ 10 ጊጋ በደቂቃዎች ሊበላ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስናፕሾቶቹን አጥፋ። የማያስፈልጉ መሆናቸውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ግን የአፕዴቱ ስናፕሾት አፕዴቱ ከሠራ ወዲያ ሥራ የለውም። «ኪውኤም ዴልስናፕሾት 101» ብለህ ስሙን አስከትል። ከነራሙ የተነሳ ስናፕሾት ለብቻው «ስቴት» የሚል ስም ያለበት ቮልዩም ስለሚፈጥር እሱም አብሮ ይነሳልሃል። ኤልቪኤም ቲን ላይ ስናፕሾት ማጥፋት ብሎኮችን መልቀቅ ብቻ ነው፣ እንደ ቪኤምዌር (ሌላው የቪኤም ሥርዓት) ማዋሃድ የለውም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ቦታ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ «ኤልቪኤስ» ደግመህ እይ። ዳታው ከ90 በታች ከወረደ በኋላ አንድ በአንድ አስነሳ፦ በመጀመሪያ «ኪውኤም ሪዝዩም 102»፣ ቀጥሎ 101፣ በመጨረሻ 103። ፋይል ሰርቨሩ ብዙ የሚጽፈው ስለሆነ ወደ ኋላ ይቆይ።

ከተነሱ በኋላ ኡቡንቱዎቹ ላይ «ዲሜሴጅ» ብለህ የ«ኢኤክስቲ4» ስህተት ወይም «ሪድ-ኦንሊ» የሚል ነገር ፈልግ። ፋይል ሲስተሙ ወደ ማንበብ ብቻ ተቀይሮ ከሆነ ያን ጊዜ በሥርዓት አጥፍተህ ታስነሳለህ። ፖስትግሬስ ላይ ሎጉ ውስጥ «ፓኒክ» የሚል መስመር እንደሌለ አረጋግጥ።

ሰርቨር_ሩም

ሦስቱም ተነሱ። ስናፕሾቶቹ ሲጠፉ ዳታው 71 ላይ ወረደ። ፒችትሪው ካቆመበት ቀጠለ፣ የገባ ሂሳብም አልጠፋም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፖስትግሬስም ሎጉ ንጹህ ነው። አሁን ትሪሙን እንዴት ላስተካክል?

ትሪም_በየሳምንቱ

ስናፕሾቱን ከትሪሙ በፊት ማጥፋትህ ትክክል ነው። ስናፕሾት የያዘውን ብሎክ ትሪም አያስለቅቅም፤ ብዙ ሰው ትሪም አደረግኩ ቁጥሩ ግን አልወረደም የሚለው በዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ቪኤም «ሃርድዌር» ውስጥ ገብተህ ዲስኩን «ኤዲት» በል፣ «ዲስካርድ» ላይ ምልክት አድርግ። በትዕዛዝ ከማድረግ በገጹ ላይ ማድረግ ይሻላል። «ኪውኤም ሴት» የዲስኩን መስመር ሙሉ በሙሉ ስለሚተካው ከዚህ በፊት የነበረን የካሽ ወይም የአይኦትሬድ ቅንብር ረስተህ ሳትጽፈው ከቀረህ ይጠፋል። ኮንትሮለሩ (ቪኤሙ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበት) «ቨርትአይኦ ስካዚ ሲንግል» ቢሆን ጥሩ ነው።

ለውጡ ቪኤሙ ውስጥ ሆነህ ሪስታርት ስላልክ አይተገበርም። ከፕሮክስሞክስ ገጽ «ሻትዳውን» ብለህ «ስታርት» በል፤ እስከዚያ ድረስ ለውጡ በሌላ ቀለም ተንጠልጥሎ ታየዋለህ።

ኡቡንቱ ላይ «ኤፍስትሪም -ኤቪ» በል። በየፋይል ሲስተሙ ስንት እንደለቀቀ ይነግርሃል። ሳምንታዊው የኤፍስትሪም ታይመር ኡቡንቱ ላይ ከመጀመሪያውም አለ፤ ታች ዲስካርድ ስላልተከፈተ ነው ከንቱ የነበረው። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼልን በአስተዳዳሪ መብት ክፈትና «ኦፕቲማይዝ-ቮልዩም -ድራይቭሌተር ሲ -ሪትሪም -ቨርቦስ» በል። የዊንዶውሱ «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» መስኮት ዲስኩን «ቲን ፕሮቪዥንድ» ብሎ ካሳየ ዲስካርዱ ደርሶታል ማለት ነው፤ «ሃርድ ዲስክ» ብቻ ካለ ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ ማስነሳትህን ፈትሽ።

የመጀመሪያው ትሪም ዲስኩን ትንሽ ስለሚያስጨንቅ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ አንድ ቪኤም ጨርሰህ ወደ ሌላው ብትሄድ ይመረጣል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ዊንዶውሱ አሁን ያለው ሳታ ወይም አይዲኢ ላይ ከሆነ በአንድ ጊዜ ወደ ቨርትአይኦ ስካዚ አትቀይረው። ድራይቨሩ ስለሌለው «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ሰማያዊ ይሆናል። በመጀመሪያ 1 ጊጋ የሆነ ትርፍ ዲስክ በቨርትአይኦ ስካዚ ጨምርለት፣ የቨርትአይኦውን አይኤስኦ አስገብተህ ድራይቨሩን ጫን፣ ትርፏ ዲስክ መታየቷን ካረጋገጥክ በኋላ አጥፍተህ ዋናውን ቀይር፣ የቡት ቅደም ተከተሉንም አስተካክል።

ፒቪኢ_ጀማሪ

ይቅርታ፣ ሜታ የሚለው ዓምድ ምንድን ነው? የእኔ 88 ይላል፣ ዳታው ግን 40 ነው። ያሳስባል?

ኖድ_ጠባቂ

በጣም ያሳስባል፤ ዛሬውኑ አስተካክለው። የትኛው ቪኤም የትኛው ብሎክ ላይ እንዳለ የሚመዘገበው ሜታዳታ ላይ ነው። ዳታ ሲሞላ ማሽኖቹ ይቆማሉ እንጂ ነገሩ ከላይ እንዳየኸው ይመለሳል። ሜታዳታ ሲሞላ ግን ፑሉ ወደ ማንበብ ብቻ ይቀየራል፣ መዝገቡ ራሱም ጥገና ሊፈልግ ይችላል።

ቪፍሪ ካለህ ማሽኖቹ እየሠሩ ሳለ «ኤልቪኤክስቴንድ --ፑልሜታዳታሳይዝ +1ጂ» ብለህ የፑሉን ስም አስከትል። ከፍተኛው መጠን ወደ 16 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ብዙ አትፈራለት። ሜታው ከዳታው ቀድሞ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ፑሉ በእጅ ሲሠራ ሜታዳታው በሜጋባይት ተሰጥቶት፣ በዚያ ላይ ብዙ ስናፕሾት ሲከመር ነው።

ጥገና የሚያስፈልግበት ደረጃ ከተደረሰ («ማንዋል ሪፔር ሪኳየርድ» ይላል) ሁሉም ቪኤም ጠፍቶ ፑሉ ከሥራ ከወጣ በኋላ «ኤልቪኮንቨርት --ሪፔር ፒቪኢ/ዳታ» ይባላል። የተጠገነው ትርፍ ሆኖ ወደተያዘው ቦታ ይጻፋል፣ አሮጌው «ዳታ_ሜታ0» በሚል ስም ይቀመጣል። ቪኤሞቹ ተነስተው ውስጣቸው እስኪፈተሽ ድረስ ያንን አሮጌውን አታጥፉት።

ባለዩፒኤስ

ይህን ክር መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከፍት ሰው ስለሚኖር እጨምራለሁ። ምልክቱ ሌላ ነው፦ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ግን አንድም ቪኤም አይነሳም፤ «ሎካል-ኤልቪኤም» ላይ የጥያቄ ምልክት አለ ወይም ባዶ ነው። «ኤልቪቼንጅ -ኤዋይ ፒቪኢ/ዳታ» ስትል «የፒቪኢ/ዳታ_ቲሜታ ቮልዩም ተከፍቶ ሳለ ፑሉን መክፈት ክልክል ነው» የሚል መልስ ይሰጥሃል።

ይህን ሲያዩ ዳታው ጠፋ ብለው እንደገና ሊጭኑ የሚነሱ አሉ። ዳታው ባለበት ነው። ማሽኑ ሲነሳ የሜታዳታው ፍተሻ ረዘመ፣ የመነሻው ሂደት ጊዜው አለቀ ብሎ መሃል ላይ ገደለው፣ ግማሹ ተከፍቶ ቀረ፤ ሌላ ነገር የለም። መፍትሔው፦

«ኤልቪቼንጅ -ኤኤን ፒቪኢ/ዳታ_ቲሜታ»
«ኤልቪቼንጅ -ኤኤን ፒቪኢ/ዳታ_ቲዳታ»
«ኤልቪቼንጅ -ኤዋይ ፒቪኢ/ዳታ»

ሦስተኛው ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ኮንትሮል ሲ አትጫን። ካለፈ በኋላ ቪኤሞቹን አስነሳ። በየጊዜው ከተደጋገመ የኤልቪኤም ኮንፍ ፋይል ውስጥ የ«ቲን_ቼክ_ኦፕሽንስ» መስመር ላይ «--ስኪፕ-ማፒንግስ» ጨምረህ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ» አድርግ። ፍተሻው ያጥራል።

ራክ_42

ባለዩፒኤስ ካነሳው አይቀር፣ መብራት የሚያመጣው ጣጣ ከፑሉ በታች ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

ብዙ ቢሮ ያለው ሁለተኛ እጅ ሰርቨር ነው፦ ዴል ፖወርኤጅ ከፐርክ ካርድ ጋር ወይም ኤችፒ ፕሮላያንት ከስማርት አሬይ ጋር። እነዚህ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርዶች ጽሑፉን በራሳቸው ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ተቀብለው «ጻፍኩ» ይላሉ፣ ዲስኩ ላይ የሚያወርዱት በኋላ ነው። መብራት ቢሄድ ካሹን የሚያቆየው ካርዱ ላይ ያለ ባትሪ ወይም ካፓሲተር ነው። ባትሪው ሲሞት ካርዱ ለደኅንነት ሲል ካሹን ትቶ በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ሰው የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትናንት ደህና የነበረው ሰርቨር ዛሬ ተንቀራፈፈ፤ ዲስኮቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፣ ሲፒዩው ሥራ ፈቷል፣ «አይኦ ዲሌይ» ግን 30 እና 40 ነው።

«አይኦስታት -ኤክስ 2» በል (ሲስስታት የሚባለውን ፓኬጅ ጫን)። «ደብሊው_አዌይት» በብዙ አሥር ሚሊሰከንድ ሆኖ «አር_አዌይት» ደህና ከሆነ ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። ከዚያ ካርዱን ጠይቅ፦ ዴል ላይ «ፐርክሲኤልአይ»፣ ኤችፒ ላይ «ኤስኤስኤሲኤልአይ»። የባትሪው ሁኔታ «ፌይልድ» ካለ ባትሪውን ቀይር። ብዙ ሰው ፍጥነቱን ለመመለስ «ባትሪ ባይኖርም ካሹን ተጠቀም» የሚለውን አማራጭ ይከፍታል። እባካችሁ አታድርጉት። ፍጥነቱ ይመለሳል፤ መብራት በሄደበት ቅጽበት ግን ካሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ዳታቤዙ ደግሞ ተጽፎልኛል ብሎ ያመነው እሱን ነው። ቪኤሙ ውስጥ ያለ ፋይል ሲስተም ይህን ሊጠግነው አይችልም።

የሱቅ ኤስኤስዲም የዚሁ ዘመድ ነው። ለላፕቶፕ የተሠራ ኤስኤስዲ መብራት ሲሄድ በእጁ ያለውን የሚጽፍበት ካፓሲተር ስለሌለው «አሁኑኑ ጻፍ» ሲባል በእውነት እስኪጽፍ መጠበቅ አለበት። «ፒቪኢፐርፍ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጥና «ኤፍሲንክስ በሰከንድ» የሚለውን ተመልከት። ለሰርቨር የተሠራ፣ ካፓሲተር ያለው ኤስኤስዲ በሺዎች ይሰጥሃል፤ የላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ላይ ይቀራል። ዳታቤዝ ያለበት ቪኤም ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል፣ ዜድኤፍኤስ (ሌላው የስቶሬጅ ዓይነት) ላይ ደግሞ ይብሳል።

ባለዩፒኤስ

እውነት ነው። ዩፒኤሱንም በተመለከተ፦ ዩፒኤስ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ሰርቨሩን በሥርዓት ማጥፋት አለበት። በዩኤስቢ አገናኝተህ «ነት» የሚባለውን ዩፒኤስ የሚከታተል ፕሮግራም ጫን። ነባሪ አሠራሩ ዩፒኤሱ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» እስኪል ይጠብቃል። ያረጀ ባትሪ ግን ያንን ሳይል ድርግም ሊል ይችላል። ስለዚህ በ«ዩፒኤስስኬድ» ሰዓት ስጠው፦ መብራት ከሄደ 3 ደቂቃ ካለፈና ካልተመለሰ አጥፋ በለው።

ስሌቱን ሥሩ። ፕሮክስሞክስ አንድን ቪኤም እንዲጠፋ አዝዞ የሚጠብቀው በነባሪ እስከ 180 ሰከንድ ነው። የቪኤሞቹን ተራ ለየብቻ ከሰጣችኋቸው ጊዜው ይደመራል። ዩፒኤሱ ጠቅላላ 8 ደቂቃ የሚይዝ ከሆነ 3ቱን በመጠበቅ፣ 5ቱን በማጥፋት ነው የምትጨርሱት፤ የዊንዶውስ አፕዴት መሃል ላይ ከገባ አይበቃም። ኪው-ኢሙ ጌስት ኤጀንት (ቪኤሙ የሆስቱን የማጥፋት ትዕዛዝ እንዲቀበል የሚረዳ ፕሮግራም) ሁሉም ላይ ይጫን።

ጄኔሬተር ያላችሁ፦ የጄኔሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ከ50 ኸርዝ ወዲያና ወዲህ ሲል ዩፒኤሱ አልቀበልም ብሎ ባትሪ ላይ ይቆያል። ሕንፃው መብራት አለው፣ ሰርቨሩ ግን ባትሪ ጨርሶ ይጠፋል። የዩፒኤሱን «ሴንሲቲቪቲ» ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ባዮስ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ስታደርጉ የመዘግየት አማራጭ ካለ ክፈቱት፤ መብራት መጥቶ ወዲያው ሲሄድ ዲስኩን የሚጎዳው ግማሽ መንገድ የተነሳ ማሽን ነው።

ሐይቅ_ዳር

እኔ ያለኝ ዜድኤፍኤስ ነው። ራም 64 ጊጋ። ለቪኤሞቹ የሰጠሁት 52 ነው፤ ስለዚህ 12 ተርፏል። ሆኖም ሌሊት ባክአፕ ሲሠራ ትልቁ ቪኤም በራሱ ይጠፋል። ቪኤሙ ውስጥ ሎግ የለም፤ መብራት እንደተነቀለበት ነው።

ትሪም_በየሳምንቱ

እህቴ፣ ሆስቱ ላይ «ጆርናልሲቲኤል -ኬ» ብለሽ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» እና «ኪልድ ፕሮሰስ» የሚል ፈልጊ። ስሙ ኬቪኤም ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት ብዙ የያዘውን ይገድላል፣ ብዙ የያዘው ደግሞ ትልቁ ቪኤም ነው።

ዜድኤፍኤስ «አርክ» ለሚባለው ካሹ በነባሪ እስከ ግማሽ ራም ይወስድ ነበር፤ ያንቺ 32 ጊጋ ማለት ነው። 52 እና 32 ሲደመር 84። አርክ ራም ሲጠየቅ ይለቅቃል፣ ግን ባክአፑ በፍጥነት ሲያነብ ቶሎ አይደርስም። ከፕሮክስሞክስ 8.1 ጀምሮ አዲስ የተጫነ ከሆነ ራሱ ወደ 10 በመቶ ይገድበዋል፤ ከዚያ በፊት ተጭኖ በአፕግሬድ የመጣ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ሞድፕሮብ.ዲ» ፎልደር ውስጥ ባለው የዜድኤፍኤስ ኮንፍ ፋይል ላይ «ኦፕሽንስ ዜድኤፍኤስ ዜድኤፍኤስ_አርክ_ማክስ=8589934592» ብለሽ ጻፊ፤ ይህ 8 ጊጋ በባይት ነው። ከዚያ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል» አድርገሽ ሪስታርት። ኢኒትራምኤፍኤሱ (ማሽኑ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጫነው ፋይል) ካልታደሰ ሩቱ (ሲስተሙ ያለበት ክፍል) ዜድኤፍኤስ የሆነ ማሽን ላይ ለውጡ አይያዝም። የፕሮክስሞክስ ሰዎች የሚሉት መነሻ 2 ጊጋ ሲደመር ለእያንዳንዱ ቴራባይት ስቶሬጅ 1 ጊጋ ነው። «አርክ_ሰመሪ» ብለሽ መገደቡን አረጋግጪ። 52 እና 8 ብለሽም ለሆስቱ 4 ብቻ ስለሚቀር፣ አንዱን ቪኤም በ4 ጊጋ ዝቅ ብታደርጊው ደስ ይለኛል።

ሐይቅ_ዳር

ኬቪኤም ነው የተገደለው፣ አገኘሁት። ዛሬ ማታ እገድበዋለሁ። ሌላም ላስቸግር፦ «ዜድፑል ስታተስ» አንድ ዲስክ ላይ «ሲኬሱም» (የተነበበው ከተጻፈው ጋር ያልገጠመበት ብዛት) 14 ይላል። ዲስኩ ሊሞት ነው?

ራክ_42

ገና አትቀይሪው። «ስማርትሲቲኤል -ኤ» አድርጊና ቁጥሮቹን አንብቢ። 5 (ሪአሎኬትድ) ወይም 197 (ፔንዲንግ) ከዜሮ በላይ ሆነው እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ ነው። እነሱ ዜሮ ሆነው 199 (ሲአርሲ) ካደገ ኬብሉ ወይም የዲስኩ መሰኪያ ነው፤ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪ፣ ኬብሉን ቀይሪ። ሲኬሱም ስህተቱ ሁሉም ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ደግሞ ራሙን፣ ኮንትሮለሩን ወይም ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሪ። ከዚያ «ዜድፑል ክሊር»፣ ቀጥሎ «ዜድፑል ስክራብ» (ፑሉን በሙሉ አንብቦ የሚፈትሽ)። ስክራቡ ጨርሶ ቁጥሩ ዜሮ ከቆየ ኬብሉ ነበር።

ዲስኩ የሚቀየር ከሆነ «ዜድፑል ሪፕሌስ» ላይ አዲሱን «ኤስዲቢ» እያልሽ አትጥሪው፤ «ባይ-አይዲ» ከሚለው ፎልደር ሴሪያል ቁጥር ያለበትን ስም ተጠቀሚ። ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ከጤነኛው ይቀዳል፣ ሪፕሌሱ በሦስተኛው ፓርቲሽን ላይ ይሠራል፣ በሁለተኛው ላይ «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ፎርማት» እና «ኢኒት» ይደረጋል። ይህ የተዘለለ እንደሆነ ፑሉ ጤነኛ ይመስላል፣ የቀረው አሮጌ ዲስክ በሞተ ቀን ግን ማሽኑ አይነሳም።

ኢኤስኤክስ_ላይ_ያለሁ

የመጀመሪያው ችግር ቪኤምዌር ላይም አለ፤ የእኛ ቢሮ ኢኤስኤክስአይ 7 ነው። ዳታስቶሩ ሲሞላ ቪኤሙ ቆሞ «ሪትራይ» ወይም «ካንስል» የሚል ጥያቄ ያወጣል። ካንስል ማሽኑን ያጠፋል፤ ቦታ እስኪገኝ ጥያቄውን ሳትመልሱ ተዉት። ቦታ ለማግኘት ቶሎ የሚሠራው የማያስፈልግ አንድ ቪኤም ማጥፋት ነው፦ የስዋፕ ፋይሉ ራሙን ያህል ቦታ ይለቃል። ስናፕሾት ማጥፋት እዚህ ማዋሃድ ስለሆነ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። «000001» የሚል ቁጥር ያለባቸውን ፋይሎች በእጅ አታጥፉ፤ ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ዲስኩ አይከፈትም። ቪኤምዌር ራሱ የሚለው ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አይቆይ ነው።

ሰርቨር_ሩም

ትሪሙን ጨረስኩ፤ ዳታው 57 ላይ ነው። ለወደፊቱ ግን በራሱ እንዲያድግ ማድረግ ይቻላል? 2 ቴራ ኤስኤስዲ ተገዝቷል።

ኖድ_ጠባቂ

በራሱ የሚያድግበት መንገድ አለ፤ የኤልቪኤም ኮንፍ ላይ «ቲን_ፑል_ኦቶኤክስቴንድ_ትሬሽሆልድ» ነባሪው 100 ነው፣ ማለትም ተዘግቷል። 80 ብትለው ይሠራል፣ ግን የሚያድግበት ቪፍሪ ከሌለ ትርጉም የለውም።

አዲሱን ዲስክ ደግሞ በ«ቪጂኤክስቴንድ» ከአሮጌው ጋር አታያይዘው። አንድ ፑል ሬይድ ሳይኖረው በሁለት ዲስክ ላይ ሲዘረጋ አንዱ ዲስክ ከሞተ ሁሉም ቪኤም ይሄዳል። ለብቻው ስቶሬጅ አድርገውና 103ን «ሙቭ ስቶሬጅ» ብለህ ወደዚያ አዛውረው፤ ማሽኑ እየሠራ ይሄዳል። «ዲሊት ሶርስ» ላይ ምልክት ካላደረግክ አሮጌው ዲስክ «አንዩዝድ» ተብሎ ቦታውን ይዞ ይቀራል። አቅም ከተገኘ ሁለተኛ ተመሳሳይ ዲስክ ጨምሩና ሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ) ይሁን።

ባክአፑ የሚሄደው የት ነው?

ሰርቨር_ሩም

በዩኤስቢ የተሰካ 4 ቴራ ዲስክ ላይ፣ «/ኤምኤንቲ/ባክአፕ»።

ኖድ_ጠባቂ

እንግዲያው ይህንን ዛሬ አስገባ፦ «ፒቪኢኤስኤም ሴት ባክአፕ --ኢዝ_ማውንትፖይንት የስ» (ባክአፕ የስቶሬጁ ስም ነው)። ዩኤስቢው ሳይሰካ ወይም ሳይታወቅ ቀርቶ የባክአፕ ሰዓት ከደረሰ ፕሮክስሞክስ ባዶው ፎልደር ላይ፣ ማለትም ሩት ዲስኩ ላይ ይጽፋል። አንተ ጋ ሩቱ 96 ጊጋ ገደማ ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሩት ሲሞላ የፕሮክስሞክስ ኮንፊግሬሽን የሚቀመጥበት ዳታቤዝ መጻፍ ስለማይችል ገጹ ውስጥ መግባት እምቢ ይላል፣ ሰውም የይለፍ ቃል ችግር ይመስለዋል።

ከሞላ በኋላ ዩኤስቢው ተመልሶ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ የሞላው ነገር ከሥሩ ተደብቆ አይታይም። «ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ሩት» ብለህ (ፎልደሩን ቀድመህ ፍጠር) እዚያ ውስጥ ባለው የባክአፕ ፎልደር ስትገባ ፋይሎቹን ታገኛቸዋለህ። እነሱን አንሳ፣ ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ፒቪኢ-ክላስተር»። ባክአፑ ተቋርጦ «ሎክድ (ባክአፕ)» ብሎ የቀረ ቪኤም ካለም፣ ሌላ የሚሠራ የባክአፕ ሥራ አለመኖሩን አይተህ «ኪውኤም አንሎክ 103» በለው።